ጋሽ ደምሰው በክፍል 1 ያስቃል፣ በክፍል 2 ያስጠላል። ምኑ ተለወጠ?

ቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ የሲትኮም (ያው ሰዎች በየሳምንቱ የሚመላለሱበት አጭር የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ረቂቅ አለ፤ 8 ክፍል፣ እያንዳንዱ 22 ደቂቃ። ቦታው ኮዬ ፈጬ፣ ባለ 4 ፎቅ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ነው። መሪ ገጸ ባሕርዩ ጋሽ ደምሰው ይባላል፤ ጡረተኛ፣ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የፓምፑን ቤት ቁልፍ ከአንገቱ ሳያወልቅ የሚተኛ ቋጣሪ።

ክፍል 1 ላይ «አምፖል ቆሞ ብር ይበላል» እያለ ማታ ማታ የደረጃውን አምፖሎች እየፈታ ወደ ቤቱ ያስገባል። በሦስተኛው ማታ አራቱንም ኪሱ ከትቶ ሲወጣ በገዛ ጨለማው ተደናቅፎ ይወድቃል። ሰውየው አይታይም፤ አምፖሎቹ ኪሱ ውስጥ አንድ በአንድ ሲፈነዱ ብቻ ይሰማል። ያነበበ ሁሉ እዚህ ጋ ይስቃል።

ክፍል 2 ላይ ውሃ ከአምስት ቀን በኋላ ሌሊት 9 ሰዓት ትመጣለች። ጋሽ ደምሰው ብቻውን ይነሳል፣ የራሱን 6 ጄሪካን ይሞላል፣ ወደ ሮቶው የሚሄደውን ማዞሪያ ዘግቶ ይተኛል። ጠዋት 4ኛ ፎቅ የምትኖረው አራስ ባዶ ጄሪካን ይዛ ስትወርድ «የምን ውሃ? አልመጣም እኮ» ይላታል። ተመልሳ ትወጣለች። እዚህ ጋ የሚስቅ የለም፤ ከዚህ በኋላ ባሉት ገጾች ላይም ሰውየው ምንም ቢያደርግ አያስቅም። ሁለቱም ያው ቋጣሪነት ነው። ታዲያ ምን ተበላሸ?

ሞንታዥ፦
መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ክፍል 1 ላይ የቋጣሪነቱን ሒሳብ የከፈለው ራሱ ነው፣ ክፍል 2 ላይ የከፈለችው አራሷ ናት። ሰውየው አልተለወጠም፤ ደረሰኙ የተላከበት ቤት ነው የተለወጠው።

የዚህ ዓይነቱን ሰው አሠራር ለማየት የእንግሊዙን ሲትኮም ፎልቲ ታወርስን መፍታት ይበቃል። በጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ ነው፣ 6ቱ እ.ኤ.አ. በ1975፣ 6ቱ በ1979 ቢቢሲ ላይ የታዩ። ባለ ሆቴሉ ባሲል ፎልቲ እንግዳ ይሰድባል፣ ይዋሻል፣ ሀብታም ሲያይ ያጎነብሳል። አንድም ደግ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ግን ውሸቱ ሁልጊዜ የሚፈርሰው በራሱ ላይ ነው። በአንደኛው ክፍል ለትልልቅ እንግዶች የሚቀርበውን ዳክዬ ከሌላ ምግብ ቤት ለማምጣት ሲጣደፍ መኪናው መንገድ ላይ ትቆማለች። ባሲል መኪናዋን ይቆጣታል፣ ያስጠነቅቃታል፣ ቆጥሮ ጊዜ ይሰጣታል፤ ከዚያ ሮጦ ከእይታ ይወጣና የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ተመልሶ ይገርፋታል። ካሜራው ራቅ ብሎ ቆሟል፣ አይጠጋም። ጭካኔው የሚያርፈው ብረት ላይ ስለሆነ እንደልብ ይሳቃል።

የካ አባዶ፦
ማኑኤልስ? ባሲል አስተናጋጁን ማኑኤልን በመጥበሻ ይመታው የለ እንዴ። ደሃ ስደተኛ፣ ቋንቋ የማያውቅ። በአንተ ሒሳብ ሕዝቡ በመጀመሪያው ጥፊ ቴሌቪዥኑን መዝጋት ነበረበት።

ሞንታዥ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ማኑኤል አይሰበርም። ይመታል፣ ብድግ ይላል፣ በሚቀጥለው ትዕይንት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሳህን ይዞ ይገባል። ሕመሙ ወደሚቀጥለው ትዕይንት አይሻገርም። የአራሷ ጥማት ግን ይሻገራል፤ በሯን ዘግታ ከገባች በኋላም ተመልካቹ ቤቷ ውስጥ ያለውን ሕፃን ያስባል። እርግጥ የማኑኤል ጥፊዎች ዛሬ ሲታዩ ሁሉንም አያስቁም፣ እሱን አልክድም።

መጋረጃ፦
አንድ እርማት ላስገባ፤ ከቲያትሩ በፊት የቤቱ ወግ ይቅደም። አራስ ውሃ ልትቀዳ ከ4ኛ ፎቅ አትወርድም። እናቷ ናት የምትወርደው፣ ወይም ባሏ፣ ወይም ጎረቤት። ጸሐፊው አራስ ያደረጋት እንዲታዘንላት ነው፣ ችግሩም እዚያው ነው። አራስ በእኛ ዘንድ ገንፎ የሚገነፋላት፣ ደጇ ላይ ድምፅ የሚቀነስላት ሰው ናት። እሷን ውሃ የከለከለ ሰው ቋጣሪ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው፣ ያንን ስም ያገኘ ሰው ደግሞ ኮሜዲ ውስጥ ቦታ የለውም። ቀልድ ተጎጂውን ሲመርጥ መጠኑን አብሮ ይመርጣል።

ሁለተኛው ነገር አንቱታው ነው። የእንግሊዝኛውን ሲትኮም የሚያዩ ልጆች ይህን ይረሱታል። በአማርኛ ግሡ ራሱ ደረጃ አለው። ጋሽ ደምሰው የአራሷን እናት «አንቺ» ካላት፣ ውሃው ቢኖርም ባይኖርም ተመልካቹ በአንድ ቃል ፈርዶበታል። በተቃራኒው ሁሉንም አንቱ እያለ የሚዘርፍ ሰው ያስቃል፤ «እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንኳን ለርስዎ ለኔም አልደረሰኝ» ሲል በውሃ የራሰ ጫማው ጭቅ ጭቅ ካለ ጨርሰናል። ትሕትናው በጨመረ ቁጥር ውሸቱ ይጎላል። ከአንቱ ወደ አንተ የሚወርድባትን ቅጽበት ቆጥባችሁ ያዙ። በ8 ክፍል ውስጥ አንዴ ብትመጣ ይበቃል፤ የምትመጣውም ሲሸነፍ ይሁን።

አራብሳ፦
ጋሽ መጋረጃ ያሉትን እደግፋለሁ፣ ግን አለቃ ገብረ ሐናንስ ምን ይሉናል? አህዮች የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደራችሁ» አሏት ይባላል። እሷንም ከአህያ ደምረው። ትሑት ሰላምታ፣ ምስኪን ተጎጂ፣ ያም ሆኖ አገር እስከ ዛሬ ይስቃል።

መጋረጃ፦
ልጄ፣ ያቺን ሴት ማን ያውቃታል? ስሟ የለም፣ ፊቷ የለም፣ ነገ አትመጣም። ቀልዱ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ሲትኮም ውስጥ ግን ተጎጂው ጎረቤት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንትም በዚያው ደረጃ ይወርዳል። ተረብ አንድ ጊዜ ይወጋል፣ ሲትኮም በየሳምንቱ አብሮ ያኖራል። ሌላም ልብ በል፤ የአለቃን ጨዋታዎች ስትሰበስብ ብዙዎቹ የሚያርፉት ሹም ላይ፣ መኳንንት ላይ ነው። ወደ ላይ ሲሳደቡ ያፈሩት ፍቅር ነው አልፎ አልፎ ወደ ታች ሲሉ የሚሸፍንላቸው።

የካ አባዶ፦
እኔ አሁንም «የከፈለ ይወደዳል» የሚለው ብቻውን አይበቃኝም። የአሜሪካውን ሲትኮም ሳይንፌልድን እንይ። ከ1989 እስከ 1998 እ.ኤ.አ.፣ 180 ክፍል። የጸሐፊዎቹ ደንብ «መተቃቀፍ የለም፣ መማር የለም» ነበር። ከአራቱ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዱ ጆርጅ እጮኛውን ሱዛንን ለማግባት አልፈለገም፣ ለሠርጉ ጥሪ በጣም ርካሹን ፖስታ መረጠ፣ እሷ የፖስታዎቹን ሙጫ ስትልስ በመርዙ ሞተች። ይህ በ1996 የ7ኛው ምዕራፍ መዝጊያ ነው። ሐኪሙ ለጆርጅና ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ቡና ሊጠጡ ይሄዳሉ። ጆርጅ ምንም አልከፈለም፤ እንዲያውም ነፃ ወጣ። ብዙ ሰው ደነገጠ፣ ግን ተከታታዩ ሁለት ምዕራፍ ቀጠለ።

ይህ የሠራው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛ፣ በ7 ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ «ውደዱት» አልተባልንም። ከኋላ የሚያባብል ሙዚቃ የለም። ሰው የሚያኮርፈው ክፉ ሰው ሲያይ ሳይሆን ክፉውን «ልቡ እኮ ንጹሕ ነው» ብለው ሲሸጡለት ነው። ሁለተኛ፣ ሱዛን የሞተችው በአጋጣሚና በሙጫ ነው፤ ጆርጅ ዓይኗን እያየ አልከለከላትም። ጋሽ ደምሰው ግን ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚዋሸው።

ጀሞ ሦስት፦
የሳይንፌልድ መጨረሻ ግን እኮ ከፍለዋል። ታስረዋል!

የካ አባዶ፦
በትክክል፣ እና ብዙ ተመልካች አልወደደውም። በግንቦት 1998 የታየው መዝጊያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 76 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። አራቱ ጓደኛሞች፣ ሰው ሲዘረፍ ቆመው እየቀለዱ ስላዩ፣ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ባለፉት ዓመታት የበደሏቸው ሰዎች ተራ በተራ እየገቡ ይመሰክሩባቸዋል፤ አንድ ዓመት ይፈረድባቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የተጎጂውን ፊት አትዩ» የሚለው ትዕይንት በመጨረሻው ሰዓት ፊቶቹን ሁሉ ሰልፍ አስይዞ አመጣ። ያኔ ተመልካቹ ራሱ የተከሰሰ መሰለው። ስለዚህ ክፍያው መምጣቱ ብቻ ዋጋ የለውም። በየክፍሉ ትንሽ ትንሽ ይከፈል፣ ተጠራቅሞ ሲመጣ ቀልድነቱ ያልቃል።

ጎሮ ማዞሪያ፦
ይቅርታ ግን አስናቀን አገር ሙሉ ወዶት የለም? ሰው ለሰው ላይ አበበ ባልቻ የሠራውን ማለቴ ነው። ያ ሰው ምን ደግነት ነበረው?

ሞንታዥ፦
ያ ድራማ ነው፣ ሞተሩ ሌላ ነው። ድራማ ላይ ክፉውን የምትከታተለው «መቼ ይያዝ ይሆን» እያልክ ነው፤ ጥላቻህ ራሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ያስይዝሃል። ሲትኮም በ22 ደቂቃ ውስጥ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሽ ደምሰው እንደገና ሰብሳቢ ነው፣ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነው። ፍርዱ ካልመጣ፣ ሊመጣም ካልቻለ፣ ጥላቻው የሚሄድበት ቦታ የለውም፤ ይጠራቀምና ተመልካቹ ጣቢያ ይለውጣል። ተመራማሪዎቹ ዶልፍ ዚልማንና ጆአን ካንተር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የምንወደው ሰው ሲዋረድ ሳቃችን ይቀንሳል፣ የማንወደው ሲዋረድ ይጨምራል። የሚጠላ ሰው ከጻፍክ ውርደቱን በዚያው ክፍል ማቅረብ ግዴታህ ነው።

አራብሳ፦
ከውርደት ሌላ መንገድም አለ፤ ሙያ። የአሜሪካው ሲትኮም ዘ ኦፊስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ክፍል ብቻ ነበር። ማይክል ስኮት ከእንግሊዙ ዘ ኦፊስ አለቃ ከዴቪድ ብሬንት ላይ የተቀዳ፣ ፀጉሩ የተለጠፈ፣ ቀልዱ የሚያሳፍር አለቃ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ፀጉሩ ተስተካከለ፣ ያ ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ነገር ማይክል አንድን ደንበኛ ራት የሚጋብዝበት ክፍል ነው። የማይክል የበላይ አለቃ ጃን ጠረጴዛው ላይ በኀፍረት ልትሰምጥ ደርሳለች፤ እሱ ሌሊቱን ሲቀልድ፣ ሲያወራ፣ ሲበላ ያመሻል፣ በመጨረሻ ውሉን ይዞ ይወጣል። ለካ ሰውየው ሽያጭ ይችላል! ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢያናድድ «ለምን አልተባረረም?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው።

ጋሽ ደምሰው የሚችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? ፓምፑን እሱ ብቻ የሚያስነሳው ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ በእርግጫ፣ አንድ ጊዜ በጸሎት፣ ብሎኩ ለምን እንደማያወርደው ይገባናል። አሁን ባለው ረቂቅ ሰብሳቢ የሆነው ጸሐፊው ስለፈለገ ብቻ ነው።

ጀሞ ሦስት፦
የቦታ አቀማመጥም አይረሳ። ታክሲ በሚባለው ሲትኮም (1978 እስከ 1983 እ.ኤ.አ.) ዳኒ ዴቪቶ የሠራው ሉዊ ዴ ፓልማ የታክሲ አሰማሪ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ተራ አስከባሪ በሉት። ይሳደባል፣ ጉቦ ይቀበላል፣ ሾፌሮቹን ያዋርዳል። የተቀመጠው ግን ከወለሉ ከፍ ያለች የሽቦ ጎጆ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከዚያ ከፍታ ሲያንባርቅ ቆይቶ፣ ወጥቶ ሲወርድ ስንት ቁመት እንዳለው እናያለን። አንድ ቃል ሳይናገር ሥልጣኑ የጎጆዋ እንጂ የሱ እንዳልሆነ ታወቀ። የትኛውም የታክሲ ተራ ላይ ያለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ተራ አስከባሪው ሰልፉ ላይ ንጉሥ ነው፣ አንድ ሚኒባስ በሩን ዘግቶ ካለፈው ግን አቧራ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ለጋሽ ደምሰው ጎጆ ሥሩለት። አንደኛ ፎቅ በረንዳው ላይ ቆሞ ትእዛዝ ይስጥ። ወደ ግቢው በወረደ ቁጥር ይሸነፍ።

ቱሉ ዲምቱ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የአንቱታው ነገር ልክ ነው፤ ረቂቁ ላይ ሁሉንም «አንቺ፣ አንተ» ነው የሚለው። አንድ ነገር ልጨምር። ክፍል 4 ላይ ከአካባቢው ገበሬ መንደር ወተት ይዛ የምትመጣ ሴት አለች፤ ጋሽ ደምሰው አማርኛዋን እያንኳሰሰ ዋጋ ያስቀንሳታል። ሐሳቡ እሱን ማሳጣት ነው። ይሠራል?

የካ አባዶ፦
አይሠራም፣ አደጋም አለው። የአሜሪካው ሲትኮም ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ (1971 እስከ 1979 እ.ኤ.አ.) ላይ መሪው ገጸ ባሕርይ አርቺ ባንከር የተጻፈው ጭፍን ጥላቻን ለማሳጣት ነበር። ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች በ1974 ያሳተሙት ጥናት ግን ያው ጥላቻ ያላቸው ተመልካቾች አርቺን ይበልጥ እንደሚያደንቁት፣ በክርክሩም አሸናፊው እሱ እንደሆነ እንደሚያዩ አሳየ። አንዱ በሱ ይስቃል፣ ሌላው ከሱ ጋር ይስቃል፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሁለቱም ሳቅ አንድ ዓይነት ነው የሚሰማው። ቋጣሪነት ላይ ይህ አያጋጥምህም፣ «እሰይ፣ ውሃ ደበቀ» የሚል ወገን የለምና። ቋንቋና ዘር ላይ ግን ወገን አለ። የወተቷን ሴት ልታስቀር ካልፈለግህ ሒሳቡን እሷ ትቻለው፤ በሊትር እየተከራከረ ሳለ በጣቷ ቆጥራ የራሱን ስሕተት ታሳየው፣ ከሚገባው በላይ ከፍሎ ይሂድ። አማርኛዋን አትንኩት።

ሞንታዥ፦
ወደ ክፍል 2 እንመለስ፣ ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ነው። እኔ እንደሚከተለው እቆርጠዋለሁ።

አራሷ ከስክሪኑ ትውጣ። የሕፃን ለቅሶ እንኳ አይሰማ። ወራጇ እናቷ ትሁን፤ ምላሷ የሚቆርጥ፣ ጋሽ ደምሰውን የማትፈራ። ተጎጂው አቅም ካለው ተመልካቹ ዘብ መቆሙን ትቶ ጨዋታውን ያያል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃው ሲመጣ ጋሽ ደምሰው 6ቱን ይሙላ፣ ግን ማዞሪያውን ሆን ብሎ አይዝጋው። ወደ ሮቶው የሚሄደውን ከፈትኩ ብሎ የተሳሳተውን ይክፈት፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ የገዛ ቤቱ ወለል ላይ ሲፈስ ይደር። ወይም ደግሞ፣ ይኸኛውን እመርጣለሁ፣ ስድስተኛውን ጄሪካን ሲሞላ እናትየው በደረጃው ስትወርድ ይስማ። መደበቂያ የለም። «ለርስዎ ነው እኮ የቀዳሁት!» ይበል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አድርስልኝ ታዲያ» ትበለው። 4ኛ ፎቅ። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ 20 ኪሎ። አንዱን አድርሶ ሲወርድ የ3ኛ ፎቁ ጎረቤት በር ይከፈት፤ «ጋሼ፣ ውሃ እያደሉ ነው አሉ?» ስድስቱም እስኪያልቅ። በመጨረሻ ቧንቧው ሲያስነጥስ፣ ውሃው ሲሄድ፣ እሱ ባዶ ጄሪካን ይዞ ይቅር። ጠዋት ብሎኩ ሁሉ እየመረቀው ያልፋል፤ ምርቃቱ ነው ቅጣቱ።

አዘጋጁ ደግሞ እናትየውን በክሎዝ አፕ አይያዛት። በቅርብ የታየ ፊት ያሳዝናል፣ በሩቅ የታየ ገላ ያስቃል። ደረጃውን ከታች ወደ ላይ አንድ ቋሚ ሾት ያዙ፣ እሱ ይግባ ይውጣ። የተቀዳ ሳቅ አትጨምሩ፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ራሱ ያስተጋባል፣ ትንፋሹ ይበቃል።

መጋረጃ፦
«አድርስልኝ ታዲያ» ስትለው እሷ በአንተታ፣ እሱ በአንቱታ። ይህን ያገኘ ጸሐፊ ግማሹን ሠርቷል። ስድስተኛው ጄሪካን ላይ ድንገት «አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ይልቀቅ። ከዚያ አፉን ይያዝ።

ቱሉ ዲምቱ፦
ተገለበጠ፣ ተጻፈ። አንድ የቀረ ጥያቄ፦ ተዋናዩ ስድሳ ያለፈው ሰው ነው። ስድስት ጊዜ 20 ኪሎ ይዞ 4 ፎቅ ማስወጣት አይቻልም። ባዶውን ይያዝ?

ጀሞ ሦስት፦
ባዶ ጄሪካን ከመቶ ሜትር ያስታውቃል። ትከሻው አይወርድም፣ እጀታው ጣት ላይ አይቆነጥጥም፣ ደረጃውን ሲነካ ከበሮ ይመታል። 5 ሊትር ያህል ይጨመርበት። ክዳኑ ውስጥ ላስቲክ አድርጋችሁ አጥብቁት፣ አለዚያ የሚያንቦጫቦጭ ድምፅ ይዞ ንግግሩን ያበላሻል። የ1ኛና የ2ኛ ፎቁን እሱ ራሱ ይውጣ፣ 3ኛና 4ኛው ላይ የሚታየው እግሩ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው ያንኑ ጫማ አድርጎ ይውጣ። ጫማው ግን ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ እርጥብ ይሁን፤ ጭቅ ጭቁ በየፎቁ መሰማት አለበት።